ዜሮው አልጸና ያለው ኤም ዋን

ጥያቄው ስለ ጠመንጃ ዜሮ፣ ማለትም ጥይቱ ካነጣጠርንበት ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ማነጣጠሪያው ስለሚስተካከልበት ቦታ ነው፤ ባጭሩም የሚከተለው ነው። በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ጠያቂ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አሜሪካ ከተመለሱት አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል አንድ ኤም ዋን ጋራንድ ገዝተዋል። የፈለጉትም አባታቸው በክብር ዘበኛ ሳሉ የያዙት ዓይነት ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ቀን በ100 ያርድ ሲተኩሱ ጥይቱ ስምንት ኢንች ያህል ወደ ግራ ሄደባቸው፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ ስምንት ክሊክ (ክሊክ ማዞሪያው ሲዞር «ቀጭ» የሚልባት አንዷ እርምጃ ናት) ወደ ቀኝ አዙረው መሃል አስገቡት። በሳምንቱ ሲመለሱ አምስት ኢንች ወደ ቀኝ መታ። እንደገና አስተካከሉ፤ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ከፍ ብሎ ወደ ግራ ተመለሰ። አንድ ወዳጃቸው «የፊቱን ማነጣጠሪያ በመዶሻ ነካ አድርገህ ተገላገል» ብሏቸዋል፤ እርሳቸው ግን መዶሻ ከማንሳታቸው በፊት መጠየቁን መርጠዋል።

መልካም አድርገዋል፤ መዶሻው ባለበት ይቆይ። ማነጣጠሪያ ሊያርም የሚችለው አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ነው፤ እርሱም ዛሬም ነገም፣ በመጀመሪያውም በሃያኛውም ጥይት በአንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን የሚደጋገመውን ስህተት ነው። የእርስዎ ጠመንጃ አንድ ቀን ግራ፣ ሌላ ቀን ቀኝ የሚመታ ከሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ማለት ነው። ያ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሳይገኝ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ የዚያን ዕለት ስህተት ለማግስቱ ከማስተላለፍ አያልፍም። ስለዚህ ምላሼን ከማነጣጠሪያው ሳይሆን ከጠመንጃው አካል እጀምራለሁ።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ላስቀድም። ኤም ዋን በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠሩ በነበሩት በጆን ጋራንድ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ጦር መደበኛ ጠመንጃ የሆነ፣ በጋዝ ኃይል ራሱ የሚያጎርስና ለእያንዳንዱ ጥይት አንድ ጊዜ ምላጭ የሚሳብበት መሣሪያ ነው። እስከ 1957 ድረስ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የእኛ ሰዎች በሚገባ የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር በተሰለፈ ጊዜ ሲሆን፣ ከ1953ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት በኋላ ደግሞ በብዛት ወደ አገር ገባ። ይህን የማነሳው ለትዝታ አይደለም። እርስዎ እጅ የገባው ጠመንጃ አሥርተ ዓመታት በብዙ ሰው እጅ ሲፈታና ሲገጠም፣ ክፍሎቹም ከሌላ ጠመንጃ ክፍሎች ጋር ሲቀያየሩ የኖረ መሆኑን አስቀድመው እንዲያውቁት ነው። የፊት ማነጣጠሪያው፣ የጋዝ ሲሊንደሩና እንጨቱ ከፋብሪካ ሲወጡ አብረው የነበሩ ላይሆኑ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ይህን መሰል ጠመንጃ የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ለጠመንጃ ጠጋኝ ሰጥቶ የጥይት መጉረሻ ክፍሉ ልክ በመለኪያ እንዲታይለት ማድረግ አለበት። እስካሁን አላስደረጉት ከሆነ ዜሮው ይቆይ፤ ይህ ይቅደም።

አሁን ወደ ፍተሻው እንግባ። የመዝጊያውን መሳቢያ እጀታ ወደ ኋላ እስኪቆለፍ ይሳቡ፤ ክሊፕ (ስምንቱን ጥይት አንድ ላይ የሚይዘው ብረት) በውስጡ ካለ በግራ በኩል ያለውን መልቀቂያ ተጭነው ያውጡት፤ የመጉረሻ ክፍሉን በዓይንም በጣትም ፈትሸው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ጣትዎን ሲያስገቡ በሌላው እጅዎ እጀታውን ወደ ኋላ ደግፈው ይያዙ፤ የዚህ ጠመንጃ መዝጊያ ድንገት ወደ ፊት ሲመለስ የስንቱን አውራ ጣት እንዳጠቆረ አሮጌ ወታደሮች ይነግሩዎታል። ከዚያ ሰደፉን ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው፣ የፊት ማነጣጠሪያው የተተከለበትን የጋዝ ሲሊንደር፣ ማለትም ከበርሜሉ በታች በአፈሙዙ በኩል ያለውን ወፍራም ቱቦ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለማዞር ይሞክሩ። እንደ ላላ የበር እጀታ «ቃ፣ ቃ» የሚል ነገር ከሰሙ ወይም ትንሽ እንኳ ሲነቃነቅ ከተሰማዎት፣ የችግርዎን ምንጭ ያገኙት ይመስለኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአብዛኞቹ ጠመንጃዎች የፊት ማነጣጠሪያ የሚያርፈው በርሜሉ ላይ ነው፤ በኤም ዋን ላይ ግን የሚያርፈው ጋዝ ሲሊንደሩ ላይ ነው። ሲሊንደሩ ሲነቃነቅ ማነጣጠሪያው አብሮት ይሄዳል። ዓይን ከሚያይበት ከኋላው ማነጣጠሪያ ቀዳዳ እስከ ፊቱ ማነጣጠሪያ ያለው ርቀት 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ላይ የፊቱ ማነጣጠሪያ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል በ100 ያርድ ላይ ምቱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አምስት ኢንች ይሸሻል። እርስዎ በሁለተኛው ሳምንት ያዩት አምስት ኢንች ስንት እንቅስቃሴ እንደሚጠይቅ አሁን ገባዎት፤ የአንድ ጥፍር ውፍረት ነው። ጠመንጃውን መኪና ውስጥ ሲያስገቡ አፈሙዙ ግድግዳ መታ ማለት፣ ወይም ሲወለውሉ ሲሊንደሩን ጠንከር አድርገው መያዝ፣ ይህን ያህል ሊያፈናቅለው ይችላል።

ከሲሊንደሩ ፊት ለፊት መቆለፊያው አለ፤ በመቆለፊያው ውስጥ ደግሞ ብሎን አለ። ብሎኑን ፈትተው መቆለፊያውን እስኪቆም ድረስ በእጅ ያሽከርክሩት፤ ከቆመ በኋላ ከሲሊንደሩ ቀዳዳ ጋር ትክክል እስኪገጥም ብቻ ትንሽ መልሰው ብሎኑን በደንብ ያጥብቁት። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይድናል። ካልዳነ ሲሊንደሩ የሚገባባቸው በበርሜሉ ላይ ያሉት ጥርሶች በመፋተግ ብዛት አልቀዋል ማለት ነው፤ እነዚህን በቀላል ምት ጠርዛቸውን አስፍቶ እንዲነክሱ ማድረግ ይቻላል፤ ሥራው ግን የጠጋኝ ነው። ሲሊንደሩ በርሜሉ ላይ ሲገባ በእጅ ግፊት ብቻ ሳይሆን ቀላል መታ መታ ተደርጎ የሚገባ ሲሆን ያኔ ልክ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኋላው ማነጣጠሪያ ነው። በግራ በኩል ያለው ማዞሪያ ቀዳዳዋን ወደ ላይና ወደ ታች፣ በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ጎን ይወስዳታል። ቀዳዳዋን ከመጨረሻው ዝቅታ አሥር ክሊክ ወደ ላይ ያንሷት፤ ከዚያ በአውራ ጣትዎ ከላይ ወደ ታች በኃይል ይጫኗት። በቦታዋ ከቆየች ደህና ነች። ወርዳ ከተገኘች ግን እያንዳንዱ ተኩስ በርግጫው እያወረዳት ነበር ማለት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ምትም ከዚህ ሊሆን ይችላል። በቀኙ ማዞሪያ መሃል ያለውን የተሰነጠቀ ዳዶ በሚገጥመው ካቻቢቴ ግማሽ ዙር እያጠበቁ ደጋግመው ይሞክሩ፤ ክሊኩ እየተሰማ ግን ቀዳዳዋ በግፊት የማትወርድበት ቦታ አለ፤ እዚያ ይቁሙ። ማነጣጠሪያው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥሪት ከሆነ ደግሞ በቀኙ ማዞሪያ ላይ በእጅ የሚጠብቅ መቆለፊያ ብረት አለው፤ ይህ ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ መጥበቅ ነበረበት፤ ሳይጠበቅ መተኮስ በሩን ሳይዘጉ እንደ መተኛት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ሥሪት ይህን ብረት ስላስቀረው፣ ብዙ ጠመንጃዎች ላይ ተቀይሮ ያገኙታል።

እንጨቱንም ይዩት። የምላጩን ከለላ ሲከፍቱና ሲዘጉ መጨረሻው ላይ ጠንከር ያለ ግፊት ሊጠይቅዎ ይገባል፤ ያ ግፊት ነው ብረቱንና እንጨቱን አጥብቆ የሚያስተሳስረው። ከለላው በአንድ ጣት ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ፣ ለዓመታት ዘይት የጠጣውና የተጨማደደው እንጨት ሸሽቷል፤ ብረቱ በየተኩሱ በውስጡ ይዋኛል። እንዲህ ያለውን በርሜሉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አዲስ እንጨት ካልሆነ በቀር አያድነውም። አዲስ የተሠራ እንጨት በገበያ ስለሚገኝ አሮጌውን አውልቀው ለማስታወሻ ማስቀመጥ ይችላሉ።

አፈሙዙ ላይም ልቆይ፤ በእኛ አገር የከረሙ ኤም ዋኖች ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ጉዳት እዚያ ነውና። የዚህ ጠመንጃ አካል ከኋላ የተዘጋ በመሆኑ ቀጥ ያለ መወልወያ ዘንግ ከኋላ አይገባም፤ የግድ በአፈሙዝ በኩል ይወለወላል። ትጉህ ወታደር በየቀኑ ዘንጉን ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር እያፋተገ ሲወለውል፣ የበርሜሉን ውስጠኛ ጠመዝማዛ መስመር ከመጨረሻዋ ጫፍ ላይ ይበላዋል። አረሩ ከበርሜሉ ሲወጣ የመጨረሻው የሚነካው ቦታ ይህ ስለሆነ፣ ጠርዙ ከተበላ ጥይቶቹ ይበተናሉ። ባሩድና ፈንጂ በሌለው የመለማመጃ ጥይት ሊፈትሹት ይችላሉ፤ መዝጊያው ተከፍቶ፣ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ፣ የመለማመጃውን ጥይት አረሩን ወደ ውስጥ አድርገው አፈሙዙ ውስጥ ያስገቡ። አረሩ እስከ ቀለሁ አፍ ድረስ ተውጦ ከገባ አፈሙዙ አልቋል። በቀለሁ አፍና በአፈሙዙ ጠርዝ መካከል ክፍተት ከቀረ ግን በርሜሉ ገና ዕድሜ አለው። ዘንግ የሚመራ ትንሽ መከለያ አፈሙዙ ላይ አድርጎ መወልወል ይህን ጉዳት ያስቀራል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ጥይቱስ? ጠመንጃው የተሠራው ለኤም ቱ የጦር ሠራዊት ጥይት ነው፤ አረሩ 150 ግሬን፣ ማለትም ከ10 ግራም ትንሽ ያነሰ ሲሆን፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 850 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሱቅ የሚገዛው የዘመኑ የአደን ጥይት፣ ልኩ .30-06 የሚባለው የኤም ዋን ልክ ቢሆንም፣ በተለይ ከ180 ግሬን በላይ አረር ያለውና ቀስ ብሎ በሚነድ ባሩድ የተሞላው፣ ወደ ጋዝ ሲሊንደሩ የሚልከው ግፊት ከሚገባው በላይ ስለሚሆን መዝጊያውን የሚገፋውን ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል። ለኤም ዋን ተብሎ የተሞላ ጥይት ይግዙ፤ ዜሮ የሚያደርጉበትም በኋላ የሚተኩሱትም ያው አንድ ዓይነት ይሁን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በመንገድ ላይ በርካሽ ያገኘሁትን አሮጌ ጥይት ከአዲሱ ጋር ቀላቅዬ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ማዞሪያ ሳሽከረክር ውያለሁ፤ ጠመንጃው ሁለት ቦታ ሲመታ ቆይቶ ለካ ሁለት ዓይነት ጥይት እያጎረስኩት ነበር። አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ከተኮሱ ደግሞ ማቀጣጠያው በርሜል የሚያዝግ ጨው ሊኖረው ስለሚችል፣ በዚያው ዕለት ማታ በርሜሉንና ጋዝ ሲሊንደሩን በሙቅ ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ይቀቡ።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ወደ ተኩስ ሜዳ ይሂዱ። ከመተኮስዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። የኋላውን ቀዳዳ ወደ ጎን መሃል ላይ ያቁሙት፤ ከማነጣጠሪያው ሥር የተቀረጹ መስመሮች አሉ፣ መሃለኛውን ያስተካክሉ። ከፍታውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ስምንት ክሊክ ይቁጠሩ፤ ለ100 ያርድ ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። የፊት ማነጣጠሪያው በሁለት ክንፍ መካከል የቆመች ብረት ነች፣ ምሰሶዋ እላታለሁ፤ ዕድሜ አጥቧት ነጭ ብረት ከታየ በፀሐይ ላይ ትብለጨለጭና ዓይንዎ ወደ ብርሃኑ በኩል ይሳሳታል። በልጅነታችን የኩራዝ ጥላሸት የምንላትን አይነት ጥቁረት ነው የምትፈልገው፤ ሻማ ወይም ክብሪት ከሥሯ ይዘው ትንሽ ያጥቁሯት። አሮጌ ተወዳዳሪዎች እስከ ዛሬ ይህን ያደርጋሉ።

መጀመሪያ በ25 ያርድ ይተኩሱ። በጦርነቱ ጊዜ ሠልጣኞች የሚጀምሩት 1,000 ኢንች በሚባለው ሜዳ፣ ማለትም በ25 ሜትር ገደማ ላይ ነበር፤ ዓላማውም ጥይቱ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ብቻ ነው። ክሊፕ ውስጥ ሁለት ጥይት ብቻ ያስገቡ፤ በውድድርም የተለመደ አሞላል ነው። መጉረሻ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጥይት በእጅ አስገብቶ መዝጊያውን በላዩ ላይ መልቀቅ ግን እንዳያደርጉት። በዚህ ርቀት አንድ ክሊክ ሩብ ኢንች ያህል ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ስለዚህ ጥቂት ክሊክ ብቻ አዙረው አይተዉት፤ ጥይቱ ካነጣጠሩበት ነጥብ ጋር እኩል እስኪሆን ያምጡት። 100 ያርድ ሲሄዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አይግረምዎት፤ ከማነጣጠሪያው መስመር ሥር የተነሳ ጥይት መስመሩን ቅርብ ላይ አቋርጦ ወደ ላይ ያልፋልና።

100 ያርድ ላይ ግን ጊዜ ይውሰዱ። ጠመንጃውን ከፊት እንጨቱ ሥር ባለ የአሸዋ ከረጢት ላይ ያሳርፉ፣ በርሜሉ ምንም አይንካ፤ ከረጢቱ የሚነካበትንም ቦታ አንድ ጊዜ መርጠው አይለውጡት። ማንገቻውን ወጥረው የሚተኩሱ ከሆነ ሁልጊዜም ወጥረው ይተኩሱ፤ የማንገቻ መወጠር ምቱን ሊያስሸሽ ይችላልና። ተስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ሁለት ጊዜ ይተንፍሱ፣ ይክፈቱ። ምሰሶዋ ከዒላማው ፈቅ ብላ ካገኟት በክንድዎ ጎትተው አይመልሷት፤ ወገብዎን ወይም ወንበርዎን ያንቀሳቅሱ። በክንድ ጉልበት የተያዘ ጠመንጃ ምላጩ ሲሳብ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ዓይን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለት ርቀት አያጠራም፤ ስለዚህ ምሰሶዋ ጥርት ብላ፣ ዒላማው ደብዘዝ ብሎ መታየት አለበት። የኋላዋን ቀዳዳ ጨርሰው ይርሷት፤ ዓይን በራሱ መሃሏን ይፈልጋል። ጥቁሩን ክብ ምሰሶዋ ጫፍ ላይ እንደ ብርቱካን ማስቀመጥ ወይም ምሰሶዋን መሃሉ ላይ መክተት የእርስዎ ምርጫ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲሆን ጫፏ ይጠፋብኛል። አንድ ጉዳይ ግን አለው፦ ስድስት ኢንች በሆነ ክብ ሥር አነጣጥረው መሃሉን እንዲመታ ካስተካከሉ፣ ጠመንጃዎ ካነጣጠሩበት ሦስት ኢንች ከፍ ብሎ ይመታል ማለት ነው። ነገ ሌላ ስፋት ያለው ዒላማ ቢሰቅሉ ሒሳቡ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዒላማ ይያዙ።

አሁን ስምንቱንም ጥይት ሞልተው፣ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ እያነጣጠሩ፣ ቀዳዳዎቹን ሳያዩ ይተኩሱ። በእያንዳንዱ ጥይት መካከል ማዞሪያውን መንካት የጀማሪ በሽታ ነው። ስምንቱ ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ላይ አራቱን ቀዳዳ በግራ፣ አራቱን በቀኝ የሚተው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሳሉ፤ አራቱን ከላይ፣ አራቱን ከታች የሚተው ሌላ አግድም መስመር ይሳሉ። መስመሮቹ የተገናኙበት የስብስቡ መሃል ነው። የስብስቡ ስፋት ሦስት አራት ኢንች ከሆነ ለሰባ ሰማንያ ዓመት የጦር ጠመንጃ ደህና ነው፤ ስምንት ኢንች ተበትኖ ከሆነ ግን ወደ ፍተሻው ይመለሱ እንጂ ማዞሪያ አይንኩ። በርሜሉ ይቀዝቅዝና ሌላ ስምንት ይተኩሱ። ሁለቱ መሃሎች ከተቀራረቡ ያኔ ጠመንጃው የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ ሊታረም ይችላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ100 ያርድ አንድ ክሊክ አንድ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በ100 ሜትር ለሚለማመዱ 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሃሉ ከተፈለገው ነጥብ አራት ኢንች በግራና ሁለት ኢንች በታች ካረፈ፣ ቀዳዳዋን አራት ክሊክ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ክሊክ ወደ ላይ ነው። በጎን ማስተካከያው ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ አራት ክሊክ ስለሆነ ቆጠራው ቢጠፋብዎ ከመስመሩ ያነቡታል። የትኛው አቅጣጫ መዞር የት እንደሚወስድ አይሸምድዱ፤ ቀዳዳዋ በዓይንዎ ፊት ወደ ፈለጉት ስትሄድ ይዩዋት። የኋላው ማነጣጠሪያ ምቱ እንዲሄድ ወደምንፈልግበት ይሄዳል።

የፊቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ወዳጅዎ በመዶሻው እንዳይሳሳት ይህን ይንገሩት። ምሰሶዋ የሳተውን ጥይት ትከተላለች፦ ጥይቱ ወደ ግራ ከሄደ እሷም ወደ ግራ ትገፋለች። ይህን የሚያደርጉት ሲሊንደሩ ከጠበቀ፣ የኋላው መሃል ላይ ከቆመና ምቱ አሁንም ብዙ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ብቻ ነው። አራት አምስት ክሊክ ከሆነ እኔ በበኩሌ ተወው እላለሁ፤ ከመሃል ሁለት ጎን ለነፋስ የሚበቃ ክሊክ ይቀራል። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የያዛትን የብሩጎላ ብሎን ያላሉ፤ ከማላላትዎ በፊት በሹል እርሳስ ያለችበትን ቦታ ያስምሩ። ስድስት ኢንች በ100 ያርድ ላይ ማለት ምሰሶዋን 1.2 ሚሊ ሜትር መግፋት ነው፤ በእጅ ወይም በነሐስ ዘንግ ቀስ ብለው ይግፉ፣ ብሎኑን ያጥብቁ፣ ስምንት ጥይት ተኩሰው ይለኩ። አንድ ጊዜ ካለፈ በሚቀጥለው የማለፊያውን ግማሽ ይመልሱ።

ዜሮው ሲገኝ ማዞሪያውን እንዲያስታውሰው ማድረግ ይቀራል። የከፍታው ማዞሪያ ላይ የርቀት ምልክቶች በያርድ ተቀርጸዋል። 100 ያርድ ላይ ካገኙት ዜሮ ለ200 ያርድ ሁለት ክሊክ ያህል፣ ከዚያ ለ300 ሌላ ሦስት ያህል ይጨመራል፤ ከተቻለ 200 ላይ ተኩሰው ያረጋግጡ። ከዚያ ከ200ው ቦታ እስከ ታችኛው ጫፍ ስንት ክሊክ እንዳለ ቆጥረው ይጻፉ፣ ወደነበረበት ይመልሱ፣ በከፍታ ማዞሪያው መሃል ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ያላሉና ቀዳዳዋን ሳያንቀሳቅሱ ማዞሪያውን ብቻ አዙረው የ200ውን ምልክት ከጠመንጃው አካል መስመር ጋር ያገጥሙ። ብሎኑን ሲያጠብቁ ቀዳዳዋ አብራ እንዳትዞር በሌላው እጅዎ ይያዟት፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ያገኘውን ዜሮ በገዛ እጁ የሚያጠፋው። ከዚያ ክሊኮቹን እንደገና እስከ ታች ይቁጠሩ፤ የቀደመው ቁጥር ካልወጣ ይድገሙት።

ቁጥሮቹን፣ የጥይቱን ዓይነትና የሳጥኑን ቁጥር፣ ቀኑንና ነፋሱን በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይጻፉ። 200 ያርድ ላይ ከጎን የሚነፍስ ቀላል ነፋስ ጥቂት ኢንች ሊገፋ ስለሚችል፣ ነፋሱ ሳይጻፍ የቀረ ዜሮ በሚቀጥለው ጊዜ እርስዎን እንጂ ጠመንጃውን አያሳማም።

ሲሊንደሩን ካጠበቁ በኋላ በሁለት የተለያዩ ሳምንታት ሁለት ጊዜ፣ በቀዘቀዘ በርሜል፣ መጀመሪያ ላይ የምትተኮሰውን ጥይት ብቻ ለይተው በቀለም ምልክት ያድርጉባት። ሁለቱ በሦስት አራት ኢንች ውስጥ ከተቀመጡ ሥራው ተፈጽሟል። ከተራራቁ ወይም ሲሊንደሩ ከተጠበቀ በኋላም «ቃ» ካለ፣ የበርሜሉ ጥርሶች ላይ የሚደረገው ሥራ የእርስዎም የወዳጅዎም መዶሻ አይደለም፤ ኤም ዋን የሚያውቅ ጠጋኝ ፈልገው ይስጡት፣ ሲመልስልዎም ከ25 ያርድ እንደገና ይጀምሩ።